የተቆለፈው ቴሴራ

አንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከግድግዳ ወዲህ ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማ። ልስማ ብሎ አልነበረም። በአንድ የእግር ኳስ ክለብ ዕቃ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የልምምድ ኳሶችን ወደ መረብ እየከተተ ነበር። ሰዎቹ ከመስኮቱ ሥር፣ ጥላው ላይ ቆመው ያወራሉ።

አንደኛው «ይህን ልጅ እንዳትሸጡት፤ ከእጃችሁ እንዳይወጣ» አለ። ይህን ሰውየው በደንብ ያስታውሳል። «እንዲህ ያለ እግር በሃያ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው» አለ፤ ወይም «በአሥር ዓመት» አለ፤ እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለም። ቀጥሎ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ረዘም ያለ ነገር። ያኛውም ሳቅ ብሎ መለሰለት። ያንን የቀረውን ግን ሰውየው አያስታውሰውም። ኳስ ከእጁ አምልጦ ሲንከባለል ይሆን? ወይስ መስማት የሚፈልገውን ሰምቶ ጨርሶ ነበር?

ወገኖቼ፣ ሰው የሰማውን ነገር ግማሽ ይዞ ስንት ዓመት መኖር ይችላል? ይህ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ኖረበት።

ስሙ ወንድይፍራው ነው። ልጆቹ ጋሽ ወንድይፍራው ይሉታል። የክለቡ የተስፋ ቡድን መሪ ነበር። የተስፋ ቡድን ማለት ክለቡ ለነገ ብሎ የሚያሳድጋቸው ወጣቶች የሚሰለፉበት ቡድን ነው። አሰልጣኝ አልነበረም፤ ፊሽካም አልነበረውም። ሥራው ልጆቹን ማስመዝገብ፣ ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሲወጡ አውቶብሱ ላይ ቆሞ መቁጠር፣ የታመመውን ሐኪም ቤት መውሰድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቴሴራቸውን መያዝ ነበር።

ኳስ የማትከታተሉ እንዳይጠፋባችሁ፣ ቴሴራ የተጫዋች መታወቂያ ናት። የልጁ ፎቶግራፍ ተለጥፎባታል፤ የፌዴሬሽኑ ማኅተም አርፎባታል። ከጨዋታ በፊት ዳኛው ካርዷን ያይና የልጁን ፊት ያያል። ቴሴራ የሌለው ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ጋሽ ወንድይፍራው እነዚህን ካርዶች በብረት ቁም ሳጥን ቆልፎ፣ ቁልፉን ከቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው።

ልጆቹን ይወድ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እኛን ምን ያገባናል? ልጆቹን ከልቡ ይወድ ነበር፤ ከልጆቹ ሁሉ ደግሞ ቃለአብን።

ቃለአብን ያገኘው ገና በአሥራ ሦስት ዓመቱ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግራኝ። ኳሷን በግራ እግሩ ሲያቆማት ድምፅ አልነበራትም። ጋሽ ወንድይፍራው ከሜዳው ጥግ ቆሞ ይህን ዝምታ አዳመጠ። ጨዋታው ሲያልቅ ልጁን ጠራውና «ማነው አባትህ?» አለው።

«ሽብሩ ጎሚስታ።»

አቶ ሽብሩ በመናኸሪያው በር ላይ የመኪና ጎማ የሚጠግን ሰው ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ያኑ ዕለት ሄደ። አቶ ሽብሩን ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ጋር እየታገለ አገኘው።

«ልጅዎን ይስጡኝ» አለው።

«ምን ሊያደርጉት?»

«ኳስ ተጫዋች።»

«እሱማ አሁንም ተጫዋች ነው! በዓመት ሦስት ጫማ የሚጨርስብኝ በምን ሆነና?» አለ አቶ ሽብሩ፣ ቀና ሳይል። ዙሪያውን የተቀመጡት ሹፌሮች ሳቁ። ከዚያ ግን አቶ ሽብሩ እጁን በጨርቅ ጠረገና ዘረጋለት። «አደራ» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ስድስት ዓመት አለፈ። ቃለአብ አሥራ ዘጠኝ ሞላው። ከዋናው ቡድን ጋር መለማመድ ጀመረ። በጨዋታ ቀን ግን ከተመልካች ጋር ነበር የሚቀመጠው። ክለቡ በፕሪሚየር ሊግ የሚጫወት ነው፤ በእሱ ቦታ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱን ከውጭ አገር ነው ያመጧቸው። እነሱን አስቀምጦ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚያስገባ አሰልጣኝ የት ይገኛል? ቢሸነፍ ማን ይቆምለታል?

በዚያ ክረምት አንድ እንግዳ መጣ። አሰልጣኝ ኃይለልዑል ይባላል። ከዚያ ራቅ ብሎ በሚገኝ የደጋ ከተማ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ቡድን ያሠለጥናል። ጋሽ ወንድይፍራው በዕቃ ቤቱ መስኮት ድምፁን የሰማው የዚህኑ ሰው ነበር። ልጁን አንድ ዓመት በውሰት ስጡኝ አለ። ልጁ የእናንተው ንብረት ሆኖ እኔ ዘንድ ይጫወታል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወስዳችሁ ታስገቡታላችሁ አለ። ዋናው አሰልጣኝ ተስማማ። የክለቡ ቦርድም ተስማማ። ደብዳቤው ተጻፈ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋሽ ወንድይፍራው ቴሴራዋን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዞ፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለፌዴሬሽኑ ማስገባት። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት የዝውውሩ ጊዜ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማንም ማንንም አያውስም።

ማክሰኞ ዕለት ቃለአብ ወደ ቢሮው ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምሄደው?»

«ምን ያቻኩልሃል? አገሩ ብርድ ነው አሉ።»

«እሮጥበታለኋ!»

«ሜዳውም ጥሩ አይደለም። ድንጋይ ነው፤ ጉድጓድ ነው።»

«እኔ የት ያደግኩ መሰለህ ጋሼ? ምንጣፍ ላይ ነው?»

ጋሽ ወንድይፍራው ሳቀ። ልጁ ሲወጣ ግን ሳቁ አብሮት ወጣ።

ፍርሃቱ እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆችን በውሰት ሰጥቶ ነበር። አንደኛው ጉልበቱ ተጎድቶ፣ እያነከሰ ተመለሰ። ሁለተኛው ተሳካለት፤ እዚያው ወደዱት፤ እሱም ወደዳቸው፤ ውሉ ሲያልቅ ጠቅልሎ ቀረ። ለበዓል እንኳን አልደወለለትም። ጋሽ ወንድይፍራው ለሚስቱ «የአንዱን እግር ሰበሩብኝ፤ የአንዱን ልብ ወሰዱብኝ» ይላት ነበር። አሁን ደግሞ ሦስተኛው፣ ይህ ግራኝ? ያ ሰውዬ ራሱ ከእጃችሁ እንዳይወጣ ብሎ የለም እንዴ?

ሌላም ነገር ነበር። እሱን ለማንም አልተናገረውም። ቃለአብ በዋናው ሜዳ የመጀመሪያዋን ጨዋታ የሚጫወትበትን ቀን ስንት ጊዜ በሐሳቡ አይቶት ነበር! ስታዲየሙ ሞልቶ፣ ሰው «ይህ የማን ልጅ ነው?» ሲል፣ ሌላው «የጋሽ ወንድይፍራው» ብሎ ሲመልስ። ያቺን ቀን ለደጋ ከተማ ሰዎች መስጠት አልቻለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወንድይፍራው ፈቃድ ጠየቀ። ሁለት ከተማ አልፎ ዘመድ ሞቶበታል። እውነት ነው፣ ሞቷል። ግን ለወትሮው ቢሆን ሰው ልኮ የሚቀርበት የሩቅ ዘመድ ነው። አሁን ሻንጣውን ይዞ ተነሣ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከቀበቶው ላይ ነበር። ስልኩን አጠፋ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ሰዓቱን ደጋግሞ ሲያይ አይተው «በጣም ይቀርብህ ነበር መሰለኝ፤ አንጀትህ አልችል አለ» አሉት። «አዎ» አላቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በረጅሙ ተነፈሰ። ምን እንደተሰማው ታውቃላችሁ? ልጁን ከአደጋ ያወጣ ሰው የሚሰማው ነገር ነው የተሰማው። እግዚአብሔርንም አመሰገነ።

ወገኖቼ፣ በዚህ አንፍረድበት። ለራሳችን ያደረግነውን ለሌላ ሰው ያደረግነው መስሎን ያመሰገንንበት ቀን የለንም?

ቅዳሜ ስልኩን ሲከፍት አሰልጣኝ ኃይለልዑል ደወለ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ቢሮ ደውሎ አጥቶታል።

«ምን ሆናችሁብኝ? ደብዳቤው ሳይገባ ቀረ!»

ጋሽ ወንድይፍራው የመጣለትን ተናገረ። «አባቱ አልፈቀዱም» አለ።

«ላነጋግራቸው?»

«ተዋቸው ወንድሜ። ኃይለኛ ሰው ናቸው።»

ለክለቡም ያንኑ መልስ ሰጠ። አያችሁ? በጎማ ሥር ተንበርክኮ የሚውል፣ «አደራ» ካለ ወዲህ አንድ ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው፣ ሳያውቀው ኃይለኛ ሆነ።

ሰኞ ልጁ መጣ። በዚህ ጊዜ ሻንጣ ይዞ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ሻንጣውን ሲያይ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

«ቃለአብ፣ ሰዎቹ ሐሳባቸውን ለውጠዋል።»

«እንዴት?»

«እኔ እንጃ። ሌላ ልጅ ሳያገኙ አልቀሩም። አልፈለጉህም።»

ለምን እንዲህ አለው? ሌላ ነገር ማለት ይችል ነበር። ወረቀቱ ዘገየ ማለት ይችል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው ባይል እንኳን፣ ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን ልጁ ተስፋውን ከደጋው ከተማ እንዲነቅል ፈለገ። እንዲነቅለውም ሥሩ ድረስ ሄደበት። አልፈለጉህም።

ቃለአብ ሻንጣውን ይዞ በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሄደ። አባቱ ከሹፌሮቹ መካከል ነበር። «ቀረ» አለው። «አልፈለጉኝም አሉ።»

አቶ ሽብሩ ለሹፌሮቹ ሁሉ ልጁ ሊሄድ እንደሆነ ነግሯቸው ነበር። አንዱማ በመኪናው ሊያደርስለት ቃል ገብቷል። አባትየው አፈረ። አፍሮም የሚናገረውን አላወቀም።

«ሰው ወዶ የመረጠውን ዕቃ ጥሎ ይሄዳል?» አለ። «አንድ ነገር አይተውብህ ነው። ሰንፈህ ነው!»

አንዱ ሹፌር ሳቀ። ነገሩን ለማቅለል ብሎ ነው፤ በክፋት አልነበረም። ቃለአብ ግን ሳቁንም፣ ቃሉንም፣ ሻንጣውንም ይዞ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ሲሆን ግን አጭር አልነበረም። በአንደኛው ዓመት ልጁ ከተመልካች ጋር ተቀመጠ። ጋሽ ወንድይፍራው «ታገሥ፣ ጊዜህ ይደርሳል» አለው። በሁለተኛው ዓመት ክለቡ ሌላ ተጫዋች ገዛ። «ታገሥ፣ ጊዜህ ይደርሳል» አለው። በሦስተኛው ዓመት ልጁ በልምምድ ላይ ኳስ ሲያቆም ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጋሽ ወንድይፍራው ይህን ሰማ፤ ከሜዳው ጥግ ሆኖ ሰማው። «ታገሥ» አለው። ጊዜህ ይደርሳል የሚለውን ግን ተወው።

በሃያ ሁለት ዓመቱ አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ስም ዝርዝር አወጣ። ቃለአብ አልነበረበትም። ቴሴራዋ ከቁም ሳጥኑ የወጣችው ያን ጊዜ ነው። መልቀቂያው ተጻፈለት፤ የጻፈለትም ጋሽ ወንድይፍራው ነበር።

ልጁ መልቀቂያውን ይዞ አራት ከተማ ዞረ። ሙከራ አድርጉልኝ አለ። በአራቱም ከተማ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«የት ነው የተጫወትከው?»

«እዚያ ክለብ ነበርኩ።»

«መሆንህንማ ነገርከን። የት ነው የተጫወትከው?»

ምን ይበላቸው? ትልቅ ክለብ ውስጥ አድጓል፤ ትልቅ ማልያ ለብሷል፤ ከትልልቆቹ ጋር ፎቶ ተነሥቷል። አንድ ጨዋታ ግን የለውም። በብርድ አገር፣ በድንጋያማ ሜዳ ላይ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ጥያቄ መልስ ነበረው። ጉልበቱ ቢላጥ እንኳን መልስ ነበረው።

ተመልሶ በዱቄት ፋብሪካ ተቀጠረ። ስንዴ ጭነው የሚገቡትን መኪኖች ሚዛን ላይ እያስቆመ ይመዝናል። ከአባቱ ጋር አንድ ግቢ ይኖራሉ፤ «ደህና አደርክ» እና «ደህና ዋልክ» ይባባላሉ። አቶ ሽብሩ ከዚያ ሰኞ ወዲህ ስታዲየም ሄዶ አያውቅም። ኳስ በሬዲዮ ሲተላለፍ ጣቢያውን ይቀይራል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄደ።

ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ ወጣ። ሐኪም ስኳር ስላገኘበት ተንቀሳቀስ አለውና ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከጤና ቡድን ጋር መሰለፍ ጀመረ። የጤና ቡድን በየከተማችሁ አለ፤ ታውቁታላችሁ። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው ለጤናው ብሎ የሚጫወትበት፣ ከሩጫው ክርክሩ የሚበልጥበት ቡድን ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ ሰው ጎደለና የሰፈር ልጅ ይግባ ተባለ። የገባው ቃለአብ ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ወፈር ብሏል። ኳስ በመጣችለት ቁጥር ግን በአንድ ንክኪ እነዚያን ጎልማሶች ወዲያና ወዲህ ያስሮጣቸው ነበር። እረፍት ላይ ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘረጉ። ጋሽ ቶሎሳ የሚባል፣ ሆዱ ከማልያው የሚቀድም ባለ ብረታ ብረት መደብር፣ ውኃውን እየጠጣ ተነሣበት።

«አንተ ልጅ፣ እኛን ቦርጫሞቹን ልትገድለን ነው እንዴ? ኧረ ሂድና ክለብ ፈልግ!»

«ክለቡ እኔን ይፈልገኝ እንጂ ጋሽ ቶሎሳ።»

«ምን? በዚህ እግርህ ማንም ፈልጎህ አያውቅም?»

«አንዴ ተፈልጌ ነበር» አለ ቃለአብ እየሳቀ። «ያዩኝ ጊዜ ወደዱኝ፤ ደግመው ሲያስቡት ተዉኝ። አባቴ ሰንፈህ ነው አለኝ፤ እውነቱን ነው። ከፈለጋችሁ ጋሽ ወንድይፍራውን ጠይቁት፤ ምስክሬ እሱ ነው። እሱ ነበር የነገረኝ። አይደል ጋሼ?»

ሁሉም ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ዞሩ።

ጋሽ ወንድይፍራው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ጨዋታው ቀጠለ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ጫማውን ፈትቶ ከመስመር ውጭ ተቀመጠ። የተረሳው ግማሽ የመጣለት እዚያ ነው። ከዕቃ ቤቱ መስኮት ሥር፣ አሰልጣኝ ኃይለልዑል «ከእጃችሁ እንዳይወጣ» ካለ በኋላ የተናገረው። «ዘንድሮ ካልተጫወተ ግን ይበላሽባችኋል። ጥቅምት ላይ ውድድሩ ሲጀመር ተቀምጦ አይመልከት።» ዋናው አሰልጣኝም ሳቅ ብሎ «እኔም ይኸው ነው የፈራሁት» ነበር ያለው። አሁን ሙሉ በሙሉ ሰማው። ቃል በቃል ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይቆማል። «ማረኝ» ይላል። የበደለው ሰው ግን በዱቄት ፋብሪካ ሚዛን ላይ ቆሞ፣ ራሱን ሰነፍ እያለ ነው። እግዚአብሔር ነገሩን ድሮም ያውቃል። ቃለአብ ነው የማያውቀው። ሰውየው ወደሚያውቀው እየሄደ የማያውቀውን ይሸሻል።

በአራተኛው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ ወደ ፋብሪካው ሄደ። በሚዛኑ ጎን ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ። ጋሽ ወንድይፍራው ነገረው። ቁልፉን፣ ለቅሶውን፣ ስልኩን። ለአሰልጣኙ «አባቱ አልፈቀዱም» ማለቱን። ለእሱ «አልፈለጉህም» ማለቱን። ምንም አላስቀረም።

ሲጨርስ አንድ የጭነት መኪና መጣና ጥሩምባ ነፋ። ቃለአብ ተነሣ። መኪናውን አቆመው፤ መዘነው፤ ወረቀቱን ጽፎ ለሹፌሩ ሰጠው፤ ሸኘው። ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ።

«ፈልገውኝ ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ፈልገውህ ነበር ልጄ። አሰልጣኙ ሦስት ጊዜ ደውሏል።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ቃለአብ ፊቱን ወደ ሚዛኑ አዞረ።

«ልደበድብህ ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ» አለ በመጨረሻ። «ይቅር ልልህም ፈለግኩ፤ እሱም ዛሬ አቃተኝ። አንድ ነገር ግን እጠይቅሃለሁ ጋሼ። ለአባቴ ንገረው።»

«እነግረዋለሁ። ዛሬ ማታ ቤት መጥቼ፣ ለብቻው…»

«ለብቻው አይደለም። እዚያው ጎሚስታው ጋ፣ ሹፌሮቹ ተቀምጠው እያሉ። አባቴ ሰነፍ ያለኝ ለብቻዬ አልነበረም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከተማው ሁሉ ያከብረዋል። በመናኸሪያው ሲያልፍ ሹፌሮቹ ከወንበር ይነሡለታል።

«ልጄ፣ በስተርጅና…»

«አባቴም አርጅቷል ጋሼ።»

እስቲ ሰውየውን እዚያች ጎጆ ውስጥ ትንሽ እናቆየውና ወደ ራሳችን እንመለስ።

በእናንተ ቁም ሳጥን ውስጥ የማን ቴሴራ ነው የተቆለፈው?

እኔ ኳስ ክለብ የለኝም አትበሉ። እናት፣ ልጅሽ በነርስነት ሩቅ አገር ስትመደብ «እዚያ ወባ አለ» ያልሻት ለወባው ብለሽ ነው? ወይስ ቤቱ ጭር እንዳይልብሽ? ባለ ሱቁ፣ አምስት ዓመት ያገለገለህን ልጅ «ገና ነህ፣ ትከስራለህ» ያልከው መክሰሩ አሳዝኖህ ነው? የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊው፣ ያቺ ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ ከሌላ ደብር ለአንድ ክብረ በዓል አውሱን ሲሉህ «አትችልም» ብለህ የመለስከው ለእሷ ክብር ነው? አስቡት። መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ።

ልጅን መውደድና ልጅን መያዝ ሲጀምሩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ይንከባከባሉ፤ ሁለቱም ይፈራሉ፤ ሁለቱም አይተኙም። ልዩነቱ የሚታወቀው «ስጡኝ» የሚል ሰው የመጣ ቀን ነው። በዚያ ቀን እጃችሁ ወዴት ሄደ? ወደ ወረቀቱ ነው ወይስ ወደ ቁልፉ?

የሰጠን እግዚአብሔር ለዘለዓለም ያዙ ብሎ አይደለም የሰጠን። እንድናሳድግለት አውሶናል። በእኛ ዘንድ የሚውል ሁሉ በውሰት ነው፤ ልጁም፣ ተማሪውም፣ ሙያውም፣ ዕድሜያችንም። ባለቤቱ ሲመጣ ቆልፌ አቆየሁልህ ልንለው ነው? እሱ የሚጠይቀን ያንኑ አራት ከተማ የጠየቀውን ጥያቄ ቢሆንስ? ይህ ልጅ የት ተጫወተ? ይህች ልጅ የት ሠራች? ምን እንላለን?

ደግሞ ከዚህ የሚከፋ አለ። መያዛችን ሳያንስ፣ የያዝነው ሰው ራሱን እንዲንቅ የምናደርገው ነገር አለ። «አትችልም» ብለናል። «ማን ይፈልግሃል» ብለናል። የተናገርነው አንድ ቀን ነው፤ ያ ሰው ግን ቃሉን ይዞ ያድራል፤ ይዞ ያገባል፤ ይዞ ይወልዳል። እኛ ረስተን ጤናችንን ስንጠብቅ፣ እሱ እየሳቀ ለሰው ይነግራል፤ እኛኑ ምስክር አድርጎ ይጠራናል። ያን ጊዜ ራሳችንን እንነቀንቃለን?

የሄደው ዓመት አይመለስም። ይህን አልዋሻችሁም። ቃለአብ ዳግመኛ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይሆነውም፤ ንስሐም የደጋውን ከተማ ሜዳ አይመልስለትም። ሊመለስ የሚችለው ስሙ ብቻ ነው። እሱም በተሰረቀበት ቦታ፣ በሰማው ሰው ፊት፣ በሰረቀው ሰው አፍ ነው የሚመለሰው። ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? እኔ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሰነፍ የተባለን ሰው ጠይቁ።

አሁን ወደ ጎጆዋ እንመለስ። ውጭ ሌላ መኪና መጥቶ ቆሟል፤ ሹፌሩም መስኮቱን አውርዶ «ሚዛን!» ብሎ ተጣራ። ቃለአብ ግን አልተነሣም። ይጠብቃል።

«ሹፌሮቹ የሚበዙት መቼ ነው?» አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ሐሙስ። የገበያ ቀን።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ላቡን ጠረገ። ከዚያም «እሺ» አለ። «ሐሙስ አራት ሰዓት እመጣለሁ። መጀመሪያ ለአባትህ፣ ከዚያ ለእነሱ፣ ቆሜ እናገራለሁ።»